ልጅ በበዛ ቁጥር ካራቫኑ ይነስ

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ገበያውንም ቤቱንም ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ፣ ከኋላ የቆማችሁ ፊት ለፊት ወንበር አለ ኑ ተቀመጡ፣ እናቶችም ልጆቹ ቢንጫጩ አትሳቀቁ ወሬው የነሱም ስለሆነ ይስሙ።

ጎንደር ከተመለስኩ ጀምሮ ሰው ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ ይሄንኑ ነው። አንዱ አዘዞ መንገድ ላይ ያስቆመኛል፣ አንዷ ለቅሶ ቤት አጠገቤ ቁጭ ብላ ትጠይቀኛለች፣ ወንድም ወይ እህት አሜሪካ ያለው ደግሞ የሚሸጥ ካራቫን፣ ያ መኪና የሚጎትተው ባለ ጎማ ቤት፣ ፎቶውን በቴሌግራም ይልክልኛል፣ ሁሉም ግን የሚጀምሩት ከአንድ ቦታ ነው፣ «እኛ ስድስት ነን፣ ስንት ሜትሩ ይበቃናል?» ብለው። ኮሎራዶ ውስጥ ካራቫን የሚያከራይ ቦታ ለዓመታት ስሠራ የፈረንጁም ጥያቄ ይሄው ነበር፣ ቤተሰቡን ይቆጥራል አልጋውን ይቆጥራል፣ ቁጥሩ ከገጠመለት ውል ይፈርማል። ዛሬ ልነግራችሁ የምፈልገው ይሄ አቆጣጠር የተገለበጠ መሆኑን ነው። መጀመሪያ መኪናችሁን ንገሩኝ፣ ቀጥሎ የምትሄዱበትን መንገድ፣ አልጋ የሚቆጠረው ከዛ በኋላ ነው። ብዙ ሰው የሚገርመው ደግሞ ልጅ በበዛ ቁጥር ካራቫኑ ማነስ እንጂ መተለቅ የለበትም ስል ነው። እስኪ ለምን እንደሆነ በቁጥር እናስላው፣ ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር አውጡ።

ባለ ሰባት ወንበር የቤተሰብ መኪና አለቻችሁ እንበል። የመኪናዋ መጽሐፍ 2,000 ኪሎ ትጎትታለች ይላል፣ ይሄን ሁሉም ሰው ያነበዋል፣ ሻጩም የሚነግራችሁ እሱን ነው። እዛው መጽሐፍ ላይ ግን ሌላ ቁጥር አለ፣ መኪናዋ ራሷ የምትሸከመው፣ ሰውም ሻንጣም ተደምሮ፣ ለምሳሌ 500 ኪሎ። ካራቫን ስትጎትቱ ክብደቱ ሁሉ በራሱ ጎማ ላይ አይደለም ያለው፣ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ካራቫኑ ከመኪናዋ ጋር በሚያያዝበት በጋንቾው በኩል መኪናዋ ላይ ይጫናል፣ መጫንም አለበት፣ ምክንያቱን ኋላ እነግራችኋለሁ። ያ ክብደት የሚቀነሰው ከዛችው 500 ኪሎ ላይ ነው። አሁን ደምሩ፣ አባት 75፣ እናት 65፣ አያት 60፣ ልጆቹ 45፣ 35 እና 25፣ ድምሩ 305 ኪሎ። ሻንጣ ስንቅ ጃኬት ምናምን 60 ኪሎ ጨምሩበት 365 ሆነ። የቀረው 135 ኪሎ ብቻ ነው። ጋንቾው ላይ 12 በመቶ ይረፍ ካልን ከ1,100 ኪሎ ትንሽ ከፍ የሚል ካራቫን ነው የምትችሉት፣ እሱም እቃውን ውሃውን ሁሉ ጭኖ። እነዚህ ባልና ሚስት ልጅ ሳይወልዱ በፊት ቢሆን በዛችው መኪና 2,000ውን በደንብ ይጎትቱት ነበር፣ መኪናዋ አልደከመችም፣ ቤተሰቡ ነው የበዛው።

ስሜን ተራሮች ለመሄድ ካሰባችሁ ደግሞ አንድ ሰው ጨምሩ። ደባርቅ ፓርኩ ቢሮ ስትመዘገቡ ስካውት የሚሉት የፓርኩ ጠባቂ ይመደብላችኋል፣ ሰባተኛው ወንበር የሱ ነው፣ ከነመሣሪያው ከነጋቢው 80 ኪሎ በሉት። ከ135ቱ ላይ ሲቀነስ 55 ቀረ፣ በዛው ሂሳብ ወደ 450 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። 450 ኪሎ ማለት አልጋና ማብሰያ ብቻ የያዘች ትንሽዬ ተጎታች ናት፣ ፎቶ ላይ የምታዩት ሶፋና ሻወር ያለው ቤት አይደለም። እና አንድ ሰው ይሄን ሂሳብ ስነግረው ምን አለኝ መሰላችሁ፣ «እንግዲያውስ መኪናው ከሞላ ጎረምሶቹ ካራቫኑ ውስጥ ይቀመጡ» አለኝ። ወገኖቼ ይሄን በፍጹም አታድርጉት። ሲጎተት ውስጡ ሰው አይገባም፣ ሕፃንም ጎረምሳም፣ ለአንድ ኪሎሜትርም ቢሆን። ቀበቶ የለው፣ ግድግዳው ስስ ነው፣ ጋንቾው ቢለቅ ወይ ቢገለበጥ ውስጡ ያለ ሰው የሚይዘው ነገር የለም።

ፎቶ ለምትልኩልኝ ሰዎች ስለ ቁጥሮቹ ልንገራችሁ። አሜሪካ የሚጻፈው በፓውንድ ነው፣ 3,500 ሲል 3,500 ኪሎ እንዳይመስላችሁ፣ ወደ 1,590 ኪሎ ነው። ርዝመቱም በጫማ ነው፣ 20 ጫማ ማለት 6 ሜትር ገደማ፣ ሲለኩት ደግሞ አንዳንዱ ፊት ያለውን የመጎተቻ ብረት ይጨምራል አንዳንዱ አይጨምርም፣ አንድ ሜትር ያህል ልዩነት አለው እና ጠይቁ። ከሁሉ በላይ ግን ወረቀቱ ላይ ሁለት ክብደት አለ፣ አንዱ ባዶውን ከፋብሪካ ሲወጣ፣ ሁለተኛው ተጭኖ ሊደርስበት የሚፈቀደው ጣሪያ። ሻጭ የሚያወራላችሁ ስለ ባዶው ነው። ባዶውን የሚጎትት ሰው ግን የለም። 80 ሊትር ውሃ 80 ኪሎ ነው፣ የጋዝ ሲሊንደር ከነብረቱ 25 ኪሎ ገደማ፣ ባትሪ፣ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ የቡና ዕቃ፣ ደግሞ እኛ ስንሄድ እንዴት እንደምንሄድ ታውቁታላችሁ ለሦስት ቀን የሳምንት እንጀራ ነው የሚጫነው፣ 300 ኪሎ ሳታውቁት ያልፋል። ስለዚህ 1,100 ኪሎ የምትችሉ ከሆነ የምትፈልጉት ባዶው ከ800 የማይበልጠውን ነው።

አሁን ጋንቾው ላይ ክብደት ለምን እንደሚያስፈልግ። በቅሎ የጫነ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፣ ጭነቱ ወደ ኋላ ካዘነበለ በቅሎዋ ዳገት ላይ ትቸገራለች ቁልቁለት ላይ ደግሞ ጭነቱ ይነዳታል። ካራቫንም ከኋላ ሲከብድ ጭራው ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፣ ፍጥነት ሲጨምር ይብሳል፣ በመጨረሻ መኪናውን ይዞት ነው ከመንገድ የሚወጣው። ለዛ ነው ከባድ ከባዱ እቃ ከጎማው ትንሽ ወደ ፊት፣ ወለል ላይ የሚቀመጠው፣ ውሃ ጀሪካን ከኋላ መደርደር የለም። መወዛወዝ ከጀመረ ደግሞ ፍሬን አትርገጡ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው አንሱና በራሱ ይረጋጋ። ካራቫኑ ረጅምና ቀላል ሲሆን የጎን ንፋስም ይመታዋል፣ የኛ ከፍታ ላይ ከሰዓት በኋላ የሚነሳውን ንፋስ ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ወደ መንገዱ እንምጣ፣ ምክንያቱም ጎንደር ሆኖ ካራቫን መምረጥና ጠፍጣፋ አገር ሆኖ መምረጥ አንድ አይደለም። እኛ ያለነው 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ስሜን ፓርክ ውስጥ ድንኳን የሚተከልባቸው ቦታዎች ግን ሳንቃበር 3,250፣ ጨነቅ ደግሞ 3,620 ሜትር። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል፣ ጨነቅ ላይ ሲደርስ አንድ ሦስተኛው ገደማ የለም ማለት ነው፣ ቱርቦ ያለው ናፍጣ በጣም ይሻላል። ኮሎራዶ ውስጥ አይዘንሃወር የሚባል ዋሻ አለ፣ 3,400 ሜትር ላይ፣ ወደሱ የሚወጣው ዳገት ላይ በጋ በጋ ካራቫን እየጎተቱ ሞተራቸው ግሎ ኮፈን ከፍተው የቆሙ ቤተሰቦችን ታያላችሁ፣ ያውም አስፋልቱ ሰፊና የተስተካከለ ሆኖ። የኛው የፓርኩ መንገድ ጠጠር ነው። ጠጠር ላይ ክብደት ሁለት ጊዜ ነው የሚያስከፍለው፣ አንዴ ሲወጣ በነዳጅና በሙቀት፣ አንዴ ሲወርድ በፍሬን። ስትወርዱ በከባድ ማርሽ ውረዱ፣ ፍሬን ላይ ተኝቶ የሚወርድ ሰው የፍሬን ሸራው ግሎ አንድ ኩርባ ላይ እምቢ ይለዋል። ካራቫኑ ከ750 ኪሎ በላይ ከሆነ የራሱ ፍሬን ይኑረው፣ አውሮፓ ውስጥ ይሄ ሕግ ነው፣ እኛ ጋ ደግሞ ተራራው ራሱ ያስገድዳል።

ከደባርቅ አልፋችሁ ወደ ዛሪማ ልውረድ ካላችሁ ሊማሊሞ አለ። ጣሊያን በጊዜው የቆረጠው ያ ጥምዝምዝ መንገድ ለረጅም ነገር የተሠራ አይደለም። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ የካራቫን ጎማ የመኪናውን ጎማ አሻራ አይከተልም፣ ኩርባውን ወደ ውስጥ ቆርጦ ነው የሚዞረው፣ ካራቫኑ በረዘመ ቁጥር አቆራረጡ ይብሳል። 5 ሜትር መኪና ላይ 8 ሜትር ካራቫን ስትቀጥሉ 13 ሜትር ሆናችሁ፣ ውስጠኛው ጎማ ገደሉን ወይ ድንጋዩን ይነካል፣ ካልሆነም የመጪውን ሰው መስመር ዘግታችሁ ነው የምትዞሩት፣ መጪው ደግሞ የጫነ አይሱዙ ነው። የዓለም ካራቫነኞች ታሪክ ውስጥ አገራችን ስሟ አለ፣ ዋሊ ባያም የሚባለው የኤርስትሪም ካራቫን መሥራች በፈረንጆቹ 1959 ከኬፕታውን ካይሮ ድረስ 41 ካራቫን አስከትሎ ሲነሳ ኢትዮጵያን አቋርጦ ነው የሄደው፣ ጃንሆይም ተቀብለዋቸዋል። ፎቶዎቹን ፈልጋችሁ እዩ፣ ያ የብር ቀለም ያለው ካራቫን ሁሉ በኛ አፈር ላይ ተሰልፎ ማየት ደስ ይላል። ግን እነዛ ሰዎች ትልቅ ቡድን ነበሩ፣ አንዱ ጭቃ ሲይዘው ሌላው ይጎትተዋል፣ እናንተ ከልጆቻችሁ ጋር ብቻችሁን ናችሁ።

ጎርጎራ ሌላ ነገር ነው። 60 ኪሎሜትር ገደማ፣ ሜዳ ነው፣ ትልቅ ካራቫን የሚያስመኝ መንገድ ካለ እሱ ነው። በጋ ላይ እውነት ነው ይቻላል። ዝናብ ከጣለ ግን ቆላ ድባ አካባቢ ያለውን የደንቢያን ጥቁር አፈር ታውቁታላችሁ፣ ከመንገድ ወርዳችሁ ለማቆም ስትሞክሩ 2,000 ኪሎ የሚመዝን ነገር እስከ አክስሉ ይሰምጣል፣ ትንሿን ግን አራት ሰው ገፍቶ ያወጣታል። ጎርጎራ ለምትሄዱ የወባ አጎበር አትርሱ፣ መስኮቱ ሁሉ ወንፊት ይኑረው፣ ልጆቹም ጣና ዳር ዳር ያለው ውሃ ውስጥ እንዳይንቦጫረቁ ቢልሃርዚያ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወጡ ደግሞ ኮሶዬ ሂዱ፣ 30 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ብርዱን ዳገቱን እቃውን ሁሉ ትፈትሻላችሁ፣ የጎደለ ካለ በአንድ ሰዓት ቤት ናችሁ።

ስፋቱንም አትርሱ። የአሜሪካኖቹ ትልልቆቹ ወርድ ከ2.4 እስከ 2.6 ሜትር ነው፣ የግቢያችሁ በር ስንት ነው? ሂዱና ለኩት። በሩ 3 ሜትር ቢሆንም ከኮብልስቶኑ መንገድ ታጥፋችሁ ነው የምትገቡት፣ ቀጥታ አይደለም። ግቢ የማይገባ ካራቫን ደግሞ መንገድ ላይ ያድራል ወይ የሰው ግቢ ይከራያል፣ እና ቀስ በቀስ አትጠቀሙበትም፣ ይሄን በደንብ አይቻለሁ፣ ሰው የሚወጣው ማውጣቱ ቀላል በሆነ ነገር ነው።

እሺ አሁን አልጋ እንቁጠር። ርዝመት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፣ ዋናው ውስጡ እንዴት እንደተከፈለ ነው። ማራኪ ሰፈር ያለች አንዲት ጎረቤቴ ካራቫን ልትገዛ ስትል ግቢዋ ውስጥ በአመድ አስመርኳት። መጀመሪያ 6 ሜትር በ2.2፣ ልክ ፎቶው ላይ እንዳለው፣ ትልቁ አልጋ ከኋላ፣ በሩ ከፊት፣ ማድ ቤቱ መሀል። ፍራሾቹን አውጥተን ዘረጋን፣ በርጩማ ለወንበር፣ የምድጃውን ቦታ በካርቶን፣ ከዛ ማታ ራት እዛው መስመር ውስጥ ይብሉ ተባለ፣ ከመስመር መውጣት በበሩ በኩል ብቻ። ልጆቹ መጀመሪያ ጨዋታ መሰላቸው። በኋላ አያታቸው እማማ ለሽንት ልነሳ አሉ። ከኋላ ካለው አልጋ እስከ በሩ ድረስ የሁለት ልጅ ፍራሽና የወጡን ድስት ተሻግረው ነው የሚወጡት፣ በዛ ጉልበታቸው በጨለማ። ወዲያው ሁሉም ነገሩ ገባቸው። አመዱን ጠርገን እንደገና አሰመርን፣ አሁን 4.5 ሜትር፣ የእማማ አልጋ በሩ አጠገብ፣ ዝቅ ያለ፣ 50 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ትንንሾቹ ልጆች ከኋላ ተደራራቢ አልጋ ላይ 70 በ190፣ ማድ ቤቱ በበሩ ፊት ለፊት። ከ6 ሜትሩ የተሻለ ኖሩበት። እናትየውም ወጥ ስትሠራ ማንም አይረግጣትም። ትልቁ ልጅ ግን አልገባም፣ እግሩ ከመስመሩ ወጣ።

ለትልቁ ልጅ መልሱ ድንኳን ነው፣ ወደ ዋናው ሀሳቤም የሚያደርሰኝ እሱ ነው። ሁሉንም ሰው ካራቫን ውስጥ ለማስተኛት መሞከር ነው ሰውን ትልቅ የሚያስገዛው። ወይ ደግሞ «ለጥምቀት ዘመድ ሲመጣስ» ይላል፣ ለዓመት ሁለት ሌሊት ብሎ ዓመቱን ሙሉ ከባድ ነገር ይጎትታል። እኛ እኮ የድንኳን ሰዎች ነን። ፋሲል ጎንደርን በፈረንጆቹ 1630ዎቹ ከመቆርቆራቸው በፊት ነገሥታቱ ከነሠራዊታቸው የሚኖሩት በድንኳን እየተንቀሳቀሱ ነበር፣ የንጉሡ ድንኳን መሀል፣ ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኙና ግራው በየቦታው፣ ሰፈሩ ሲተከል ማን የት እንደሚያርፍ ሁሉም ያውቃል። እናንተም እንደዛ አድርጉት። ካራቫኗ መሀል፣ እዛ ውስጥ እማማ፣ እናት፣ ትንንሾቹ ልጆች እና ስንቁ፣ ጎረምሶቹ በቀኝ ድንኳን፣ አባት ወይ አጎት በግራ፣ በካራቫኗ ጎን ሸራ ተወጥሮ ራት እዛ ስር። ቦታው አስቀድሞ ለየሰዉ ከተነገረ ማታ ደርሳችሁም ቢሆን ጩኸት የለም፣ ሁሉም የራሱን ካስማ ይመታል። አንድ ጥሩ ድንኳን ከነፍራሹ 20 ኪሎ አይሞላም፣ ለዛው ሰው አልጋ ብላችሁ ካራቫኑን በአንድ ሜትር ብታስረዝሙ ግን በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ነው የምትጨምሩት።

ትንሽ ካራቫን ለብርዱም ይሻላል። ጨነቅ ላይ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ትንሽ ክፍል ደግሞ በሰው ትንፋሽ ብቻ እንኳ ይሞቃል። ግን እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ስሙኝ። ከሰል አይገባም። ማንደጃ ካራቫን ውስጥ አይገባም፣ ፍም ሆኗል አይጨስም ብላችሁ እንኳ፣ ለቡና እንኳ፣ ለአምስት ደቂቃ እንኳ። 4 በ2 ሜትር የሆነ ቁመቱ 1.9 የሆነ ካራቫን ውስጡ 15 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ነው ያለው፣ ቤታችሁ ያለው 4 በ4 ክፍል 45 ይይዛል፣ ማለትም መርዙ በሦስት እጥፍ ፍጥነት ነው የሚሞላው፣ ሽታ የለውም፣ ሰውም እንቅልፍ የወሰደው ይመስለዋል። በከሰል ጭስ ሙሉ ቤተሰብ ሲያልቅ የሰማ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙ እንዳለ አውቃለሁ። የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም የሚባል ትንሽ ነገር አለ፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ከሽቶና ከጫማ በፊት እሱን አስመጡ። ማብሰሉ ውጪ ሸራው ስር ይሁን። እዛ ከፍታ ላይ ውሃ ወደ 88 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ ክክም ባቄላም አይበስልላችሁም፣ ቤት ቀቅላችሁ ሂዱ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ ዳቦ ቆሎ ያዙ፣ ክብደትም ጋዝም ይቀንሳል።

ስለዚህ ስንት ሜትር ለምትሉኝ፣ ለስሜንም ለጎርጎራም የሚሆን፣ ስድስት ሰው ላለው ቤተሰብ፣ መኪናው ጠንካራ ፒካፕ ወይ ላንድክሩዘር ከሆነ ከ4 እስከ 4.5 ሜትር፣ ባለ አንድ አክስል፣ ሞልቶ ከ1,300 ኪሎ የማይበልጥ፣ ሁለት ድንኳን ተጨምሮበት። መኪናው ትንሽ ከሆነ ከ3 ሜትር የማትበልጥ፣ ማብሰያዋ ከኋላ የሚከፈት፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚተኛባት። ባለ ሁለት አክስል 6 ሜትርና ከዛ በላይ ጎርጎራ ላይ ቋሚ አድርጎ አስቀምጦ ለሚያከራይ ሰው ጥሩ ነው፣ በየሳምንቱ ተራራ ለሚወጣ ቤተሰብ አልመክርም። ግድግዳው ሸራ ሆኖ የሚታጠፈው ዓይነት ደግሞ ለጎርጎራ ሙቀት ደስ ይላል ለሳንቃበር ንፋስ ግን አይሆንም።

ጥያቄ ተነስቷል፣ እዚሁ ብየዳ ቤት ማሠራት አይሻልም ወይ ለሚለው፣ ይሻላል፣ እኔ ደስ ነው የሚለኝ፣ የጎንደር ልጆች እጃቸው የተባረከ ነው። ግን ላሜራ ላይ ተጠንቀቁ። 1 ሚሊሜትር ላሜራ አንዱ ካሬ ሜትር ወደ 8 ኪሎ ይመዝናል፣ 4 በ2 ሜትር ሳጥን ግድግዳውም ጣሪያውም ወለሉም ተደምሮ 39 ካሬ ገደማ ነው፣ ያለ ቻሲሱ ያለ አልጋው ላሜራው ብቻ 300 ኪሎ ሆነ። ባለ 6 ሚሊሜትር ኮምፔርሳቶ ግን ካሬው 4 ኪሎ ገደማ ነው፣ ውጪውን በስስ አሉሚኒየም ወይ በደህና ቀለም ከውሃ ጠብቁት። ብየዳ ቤቱ «ጠንካራ እንዲሆን» ብሎ ወፍራም ብረት ሊያደርግላችሁ ይፈልጋል፣ ጥንካሬ ቻሲሱና ጋንቾው ላይ ይሁን፣ ላይኛው ይቅለል። አክስሉንም ልክ መሀል አታስቀምጡት፣ ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ ይበል፣ ቅድም ያልናት ክብደት ጋንቾው ላይ እንድታርፍ። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ ስለ ሰሌዳና ስለ ቦሎ ጠይቁ፣ ካለቀ በኋላ ከምትንከራተቱ።

እህቴ ከወዲያ የጠየቅሽው፣ ከውጭ ያገለገለ ስለማምጣት። ፎቶ አትመኚ፣ እዛ ያለው ዘመድሽ በእግሩ ገብቶ ይርገጠው። ወለሉ ጥግ ጥጉ ላይ፣ መስኮት ስር፣ አልጋ ስር በአውራ ጣቱ ይጫን፣ ልምጭ ልምጭ ካለ ውሃ ገብቶ በስብሷል፣ ትቶት ይሂድ፣ ርካሽ ቢሆንም። ጎማው ላይ ጎን በኩል አራት አሃዝ አለ፣ 2319 ቢል በፈረንጆቹ 2019 23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው፣ የቆመ ካራቫን ጎማው ጥርሱ አዲስ ይመስላል ግን ፀሐይ ይሰነጣጥቀዋል፣ ስድስት ዓመት ካለፈው ዋጋው ላይ የአዲስ ጎማ ሂሳብ ይደመር። የበሩንም ወገን ይይ፣ የእንግሊዝ የሆነ እንደሆነ በሩ በግራ በኩል ነው፣ እኛ መንገድ ላይ ስናቆም ልጆች ወደ መኪና መንገዱ ነው የሚወርዱት፣ የአሜሪካው ግን በቀኝ ነው።

የቀራችሁ ጥያቄ ካለ ሻይ ላይ እናወራለን። የመኪናችሁን መጽሐፍ ወይ በሩ ጠርዝ ላይ ያለችውን ክብደት የተጻፈባትን ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፣ የቤተሰቡንም ኪሎ አብራችሁ ጻፉ፣ የልጆቹን በግምት ሳይሆን መዝናችሁ።